ሰፊው ባይኖኩላር ጠባብ የሆነበት ጠዋት

ጎባን በሌሊት ለቆ የወጣው መኪና ባሌ ተራሮች ውስጥ ባለው ሳነቴ አምባ ላይ፣ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ኩሬ ዳር ቆመ። ጥንድ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ሣር ይነጫሉ። እንግዳው የዐይን መነጽር የሚያደርጉ ሰው ናቸው፤ ለዓመታት የያዙት ባይኖኩላር (የሩቅ ማያ) ላይካ ኖክቲቪድ 10 በ42 ነው፤ 10 እጥፍ ያጎላል፣ የፊት ሌንሱ ስፋት 42 ሚሊሜትር ነው። አዲስ ለመግዛት አስበዋልና የዋናውን አስጎብኚ ስዋሮቭስኪ ኤንኤል ፒዩር 8 በ42 ከራሳቸው ጋር ሊያወዳድሩ ፈለጉ። ጀማሪው ረዳት ምንም ሳያስተካክል አቀበላቸው።

አንዴ አይተው መለሱት። «ጠባብ ነው፤ በቀኝ ዐይኔም ይደበዝዛል» አሉ። በወረቀት ላይ ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ ኤንኤሉ በ1,000 ሜትር ርቀት 159 ሜትር ስፋት ያሳያል፣ የእሳቸው ኖክቲቪድ 112 ሜትር። ረዳቱ ግን «ጋሼ፣ ይሄ ወድቆ ተመትቷል መሰለኝ፤ ፕሪዝሙ ተዛንፏል» አለ።

«ቆይ እስቲ። አንዷ ዝይ ሁለት ሆና ነው የምትታያቸው? ጠይቃቸው» አሉት ዋናው አስጎብኚ።

አልነበረም። መጠየቁ ግን ተገቢ ነበር፤ ፕሪዝም፣ ማለትም ምስሉን የሚያቀናው የውስጥ ብርጭቆ፣ ሲዛነፍ የግራና የቀኙ ምስል አልገጥም ይላል፣ ዐይን በግድ ሊያገጣጥማቸው ሲታገልም ራስ ያማል። ያ ጥገና ይፈልጋል። አንድ ዐይን ብቻ ሲደበዝዝ ግን አብዛኛውን ጊዜ ዳዮፕተሩ፣ ማለትም የአንዱን ዐይን ጥራት ለብቻ የሚያስተካክለው ክፍል፣ ለሌላ ሰው ዐይን ተስተካክሎ ነው። ዋናው አስጎብኚ ቀኝ ዐይናቸው ደከም ስለሚል አዙረውት ኖሯል። ጥበቱ ደግሞ የመጣው ከዐይን ማሳረፊያው ጎማ ነው፤ ባለቤቱ መነጽር ስለማያደርጉ ሙሉ በሙሉ ወጥቷል። የኤንኤሉ ምስል ሙሉውን የሚታየው ዐይን ከሌንሱ 18 ሚሊሜትር ላይ ሲሆን ነው። የወጣው ጎማና የእንግዳው መነጽር ተደምረው ዐይናቸውን ከዚያ ስላራቁት ዳር ዳሩ ተቆርጦ በቱቦ እንደማየት ሆነባቸው።

ማስተካከሉ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ጎማው መነጽር ላደረገ ሰው እስከ ታች ይገባል። ሁለቱን ቱቦዎች የሚያያይዘው ማጠፊያ በየዐይኑ የሚታየው ክብ አንድ እስኪሆን ይጠጋል ወይም ይከፈታል። ከዚያ የቀኙን የፊት ሌንስ በእጅ ሸፍኖ (ዐይን መጨፈን አይሆንም፣ ክፍቱንም ዐይን ያጨናንቀዋል) 50 ሜትር ገደማ ላይ ያለ የጅባራ ቅጠል ጠርዝ በመሐሉ መዘውር ማጥራት ነው። ቀጥሎ ግራውን ሸፍኖ፣ መዘውሩን ሳይነኩ፣ ቀኙን በዳዮፕተሩ ብቻ ማጥራት። ባለቤቱ ዳዮፕተሩን ያቆሙበትን ምልክት አስቀድሞ መያዝ ደግሞ የጨዋ ተዋሽ ደንብ ነው።

እንግዳው እንደገና ሲያዩ ዝም አሉ። እውነተኛው ንጽጽር የተጀመረው ገና ያን ጊዜ ነው።

ንፋሱ ብርቱ ስለነበር 10 እጥፍ የሚያጎላው ኖክቲቪድ የእጃቸውን መንቀጥቀጥ ይበልጥ አጎላው፤ ዝይዋ ግን በእሱ ቀረብ ብላ ታየች። በብሩህነት ሊፈርዱ ሲሉ አስጎብኚው ከለከሏቸው። ከዐይን ሌንሱ የሚወጣው የብርሃን ክብ 42 ለ8 ሲካፈል 5.25 ሚሊሜትር፣ ለ10 ሲካፈል 4.2 ነው። ፀሐይ ከወጣች በኋላ የሰው ብሌን ራሱ ከሁለቱም ይጠብባልና ልዩነቱ አይታይም። ለቀለም ፈተና የሚበጀው ነጭ ደመና ሥር የሚበር ቁራ ነው፤ በጥቁሩ ክንፍ ጠርዝ ሐምራዊ ወይም አረንጓዴ መስመር ይፈለጋል። የዳሩን ጥራት ለማየት ወፏን ከመሐል ወደ ጠርዝ ማንሸራተት ይበቃል፣ መዘውሩን ሳይነኩ። ኤንኤሉ እዚህ ላይ ድንቅ ነው፤ እስከ ዳር አይደበዝዝም። ነገር ግን አምባውን ከግራ ወደ ቀኝ ሲጠርጉት መሬቱ እንደ ኳስ የተንከባለለ መሰላቸው። ዳሩ እንዲጠራ በተሠሩ ባይኖኩላሮች አንዳንድ ሰው ላይ የሚደርስ ነው፤ በአጠቃቀም የሚለመድለት አለ፣ የማይለመድለትም አለ። ሱቅ ውስጥ ቆሞ በማየት አይታወቅም።

አስጎብኚው ስለዚህ እስከ ማታ አዋሷቸው። እንግዳውም ኤንኤሉን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ወደ ሐረና ደን ወረዱ፤ ጥላ በከበደበት ብሌን ይሰፋልና 5.25 ሚሊሜትሩ የሚፈተነው እዚያ ነው።