ከሰማያዊው ቀለም በፊት

መኪናዬን ያየ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ምን ዓይነት ቀለም እንደተጠቀምኩ ነው። መልሱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል፤ እድሳቱ ከፈጀብኝ 14 ወር ውስጥ ግን ቀለም የረጨሁት በጠቅላላው 5 ቀን ብቻ ነው። የቀረው ጊዜ ሁሉ ያለፈው አሁን ማንም በማያየው ሥራ ላይ ስለሆነ፣ ስለ እርሱ በዝርዝር መጻፍ ይገባኛል ብዬ አምናለሁ።

መኪናዋ እ.ኤ.አ. በ1965 የተሠራች ቮልስዋገን ቢትል ናት። እድሳትን በቤቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሞክር ሰው ከእርሷ የተሻለ መለማመጃ አላውቅም። ይህ ሞዴል እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ፣ በጁላይ 2003 የመጨረሻዋ መኪና በሜክሲኮ ፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ እስክትወጣ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ በመመረቱ መለዋወጫው ዛሬም አይጠፋም። አራቱም ፓራፋንጎዎች፣ ማለትም የጎማ መሸፈኛዎቹ፣ ከቦዲው ጋር የተያያዙት በብየዳ ሳይሆን በብሎን ስለሆነ፣ እያንዳንዱን ፈትቶ ጠረጴዛ ላይ በማስቀመጥ ከውስጥም ከውጭም መሥራት ይቻላል።

ሥራውን የጀመርኩት በማግኔት ነው። ማግኔቱን በስስ ጨርቅ ጠቅልዬ በቦዲው ላይ ሳንሸራትተው ጤነኛ ላሜራ ሲያገኝ አጥብቆ ይይዛል፤ በወፍራም ስቱኮ፣ ማለትም ጎድጓዳ ቦታን በሚሞላ ልጥፍ፣ የተሸፈነ ቦታ ላይ ሲደርስ ግን ይለቃል። በዚህ መንገድ የቀኝ ኋላ ፓራፋንጎ ግማሽ ያህሉ ስቱኮ እንደሆነና የግራው በር የታችኛው ጠርዝም ተበልቶ በላዩ ላይ እንደተለጠፈበት ተረዳሁ። በሩን በብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብዬ ስፈገፍገው ከላይ ነጭ፣ ከነጩ ሥር ቀይ፣ ከቀዩ ሥር ቢጫ፣ ከሁሉም በታች ደግሞ ፋብሪካው የቀባው ሰማያዊ ብቅ አለ። መኪናዋን ወደዚያ ሰማያዊ እንደምመልሳት የወሰንኩት በዚያች ቅጽበት ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳላሳስብ ማለፍ አልፈልግም፤ የዚህ ዘመን መኪኖች ቀለም እርሳስ የተባለውን ብረት ሊይዝ ስለሚችል በደረቁ ፈግፍጎ አቧራውን መተንፈስም፣ ልብስ ላይ ይዞት ቤት መግባትም አደገኛ ነው። እኔ አሮጌውን ቀለም እያረጠብኩ፣ ለደቃቅ አቧራ የሚሆን ጭምብል አድርጌ ነው የፈገፈግሁት።

ከዚያ ወለሉ ተራ ያዘ። በዚህ ሞዴል ባትሪው የሚቀመጠው ከኋላ መቀመጫ ሥር በስተቀኝ ነው፤ አሲዱ ለዓመታት ሲንጠባጠብ የቆየበት የወለል ላሜራ በመዶሻ ጫፍ ስነካው ተቦደሰ። ከሁሉ የከበደኝ ግን በሁለቱም በሮች ሥር የሚያልፈው፣ የሞተሩን ሙቅ አየር ወደ ፊት የሚወስደው ቦይ ነበር፤ ምክንያቱም ቦይ ብቻ ሳይሆን የቦዲው ወገብም እርሱ ነው። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ቆርጦ ያወጣ ሰው ቦዲው ተጣሞ በሮቹ አልገጥም ይሉታል። ስለዚህ መጀመሪያ የበሮቹን ክፍተት በብረት ቱቦ ወጥሬ በየዳሁት፤ ከዚያም አንዱን ቦይ ቆርጬ አዲሱን ሳልተካ ሁለተኛውን አልነካሁም፤ በሩንም በየጊዜው እየገጠምኩ በዙሪያው ያለው ክፍተት እኩል መሆኑን አረጋግጥ ነበር። ስስ ላሜራ ሙቀት ሲበዛበት ስለሚጎብጥ የብየዳ መስመርን በአንድ ትንፋሽ መጨረስ አይገባም፤ እዚህ ነጥብ፣ ከዚያ ራቅ ብሎ ሌላ ነጥብ እያደረጉ፣ በመካከሉም ላሜራው እንዲበርድ እየታገሡ መሄድ ያስፈልጋል። ለጠፍጣፋ የቦዲ ክፍሎች በግፊት አሸዋ መርጨትንም ያልመረጥኩት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ዝገቱን ፈጥኖ ያነሣል፣ ሰፊ ላሜራን ግን ያጎብጣል።

ብረቱ ራቁቱን ከወጣ በኋላ ጊዜ ጠላት ነው። በጥቃቅን ጉድጓዶች ውስጥ የቀረውን ዝገት ፎስፈሪክ አሲድ ባለው ፈሳሽ ካከምኩ በኋላ ብረቱን በደንብ አጥቤ ወዲያው አደረቅሁት፤ ቀጥሎ ከቀለም በፊት የሚቀባውን የመሠረት ሽፋን፣ ኤፖክሲ ፕራይመር፣ ቀባሁ። የአሲዱ ቅሪት ካልታጠበ ኤፖክሲው በደንብ አይይዝም። ስቱኮ ያደረግሁት ከዚህ በኋላ ነው፤ እርሱም ከ3 ሚሊሜትር እንዳይበልጥ ተጠንቅቄያለሁ፤ ከዚያ የጠለቀ ጉድጓድ መስተካከል ያለበት በመዶሻ ነው። ስቱኮን በውኃ እያረጠቡ መፈግፈግ ግን ትልቅ ስሕተት ነው። ስቱኮ ውኃ ይመጥጣል፤ የመጠጠውም ውኃ ከወራት በኋላ በቀለሙ ሥር አረፋ ሆኖ ይመለሳል።

መፈግፈጉን ስጀምር ትዕግሥት እንዳለኝ አስብ ነበር። በሩ ላይ ብቻ 11 ምሽት አሳለፍኩ። ብርጭቆ ወረቀቱን በጣት ይዘው ከፈገፈጉት ጣት ጉድጓዱንም ጉብታውንም እየተከተለ ስለሚሄድ ላሜራው በጭራሽ አይስተካከልም፤ ወረቀቱን በረጅም ጠፍጣፋ እንጨት ላይ ጠቅልሎ፣ አቅጣጫውን እየቀያየሩ በሰያፍ መሄድ ያስፈልጋል። ከሻካራው ብርጭቆ ወረቀት ከቁጥር 80 ተነሥቼ ወደ ለስላሳው እየሄድኩ 180፣ ከዚያ 320፣ በመጨረሻም ፕራይመሩን በ400 ፈግፍጌዋለሁ። በየደረጃው መካከል ጥቁር ቀለም አቧራ አስመስዬ በስሱ ነፋሁበት፤ ስፈገፍግ ጥቁሩ የቀረበት ቦታ ጎድጓዳ፣ ፈጥኖ የጠፋበት ቦታ ደግሞ ጉብታ ነው። ዓይን የማያየውን መዳፍ ያገኘዋል፤ በተለይ በእጅና በላሜራው መካከል ስስ ጨርቅ ሲኖር። አንጸባራቂ ቀለም ጉድለትን ይሸፍናል ብሎ የሚያስብ ሰው፣ ብርሃን በተወላገደ ገጽ ላይ እንዴት እንደሚሰበር አላየም ማለት ነው።

የቀለሙን ዓይነት ለመምረጥ ብዙ አንብቤያለሁ። ቀድሞ መኪና በብሩሽ ሲቀባ ለመድረቅ ሳምንታት ይፈጅ ነበር፤ ፎርድ እ.ኤ.አ. ከ1914 እስከ 1925 ሞዴል ቲ የተባለውን መኪና በጥቁር ብቻ ሲሸጥ፣ ዱፖንት የተባለው ኩባንያ የሠራው ፈጥኖ የሚደርቅ ዱኮ ቀለም በ1920ዎቹ ኦክላንድ በተባለው መኪና ላይ በሰማያዊ መጥቶ ሌሎች ቀለሞችን ለብዙኃኑ መኪና አቀረበ። ዛሬ አብዛኛው የቀለም ቤት የሚጠቀመው ከማጠንከሪያ ጋር የሚደባለቀውን ሁለት ክፍል ቀለም ነው። ጥንካሬውንም ውበቱንም አልክድም፤ ሆኖም ማጠንከሪያው አይሶሳያኔት የተባለ ኬሚካል ስላለው ጭጋጉን የተነፈሰ ሰው እስከ ሕይወቱ ፍጻሜ የማይለቅ አስም ሊይዘው ይችላል፤ በሽታው አንዴ ከያዘም በኋላ ትንሽ መጠን እንኳ ይቀሰቅሰዋል። ሽታው አስቀድሞ ስለማያስጠነቅቅ፣ ከውጭ በቱቦ ንጹሕ አየር የሚሰጥ ጭምብል የሌለው ሰው በቤቱ ሊረጨው አይገባም የሚል ጽኑ እምነት አለኝ። እኔ እንዲህ ያለ ጭምብል ስለሌለኝ ማጠንከሪያ የማይፈልገውን ሰው ሠራሽ ኢናሜል የተባለውን ቀለም መረጥኩ። እርሱም ቢሆን የቲነሩ ተን ስላለው የከሰል ማጣሪያ ያለው ጭምብል አድርጌያለሁ፤ ተኑ እሳት ስለሚይዝም ብልጭታ የሚያወጣ ማራገቢያም ሆነ ማሞቂያ በክፍሉ ውስጥ እንዳይኖር አድርጌያለሁ።

የመጀመሪያው ሙከራዬ ግን ከሸፈ። በግራው በር ላይ ቀለሙን በረጨሁ በአንድ ደቂቃ ውስጥ፣ የመርፌ ራስ የሚያህሉ ክብ ክብ ጉድጓዶች ተከፈቱና ቀለሙ ከመካከላቸው ሸሸ። ከሳምንት በፊት የበር ጎማዎችን ለማለስለስ ሲሊኮን ያለበት ቅባት በዚያው ክፍል ውስጥ ነፍቼ ኖሮ፣ የቅባቱ ጭጋግ በሁሉም ነገር ላይ አርፏል። ሲሊኮን ባለበት ቦታ ቀለም አይዘረጋም፤ በጨርቅ መጥረግም ያዳርሰዋል እንጂ አያስወግደውም። የ11 ምሽት ድካሜን ሳየው እጅግ አዘንኩ። ቀለሙ ጠንክሮ እስኪደርቅ ጠብቄ እስከ ፕራይመሩ ድረስ ፈገፈግሁት፤ ክፍሉንም ከጣሪያ እስከ ወለል አጠብኩ። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ክፍል ከመፈግፈጌ በፊት ቅባት በሚያነሣ ፈሳሽ አጸዳዋለሁ፤ ሳይጸዳ ከተፈገፈገ ብርጭቆ ወረቀቱ ቅባቱን ወደ ጭረቶቹ ውስጥ ያስገባዋልና። ስጠርግም በአንዱ ጨርቅ አርጥቤ፣ ፈሳሹ ሳይደርቅ በሌላ ንጹሕ ጨርቅ አነሣዋለሁ።

ሁለተኛው ሙከራ የተሳካው በጠዋት ነው። ክፍሉ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነበር፤ አቧራ እንዳይነሣ ወለሉን አርጥቤዋለሁ፤ ውኃ ከአየሩ ጋር እንዳይወጣም ለመርጫው አየር በሚሰጠው ኮምፕሬሰር ላይ ማጣሪያ ገጥሜያለሁ። መርጫውን ከላሜራው 20 ሴንቲሜትር ያህል አርቄ፣ ክንዴን እንደ በር ማጠፊያ ሳላዞር በቀጥታ መስመር እየነዳሁ፣ እያንዳንዱ መስመር የቀደመውን ግማሽ እንዲሸፍን አደረግሁ። መጀመሪያ ስስ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ሙሉ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ሙሉ ሽፋን ሰጠሁት። ኢናሜል ሲቀቡ አንድ ብርቱ ሕግ አለ፤ ተጨማሪ ሽፋን የሚደረገው አምራቹ በቆርቆሮው ላይ በጻፈው ሰዓት ውስጥ ነው፤ ያ ካለፈ ደግሞ ቀለሙ ጨርሶ እስኪጠነክር ድረስ ሳምንታት መታገሥ ይገባል። በመካከሉ ከተቀባ አዲሱ ቲነር የታችኛውን ግማሽ ደረቅ ቀለም ያሳብጠውና እንደ አሮጌ ቆዳ ያጨማድደዋል።

ፓራፋንጎዎቹን ለየብቻ ቀብቼ ለ3 ሳምንት ሰቅዬ ተውኳቸው። ስገጥማቸው በእያንዳንዱ ፓራፋንጎና በቦዲው መካከል የሚገባውን የፕላስቲክ ጥብጣብ በአዲስ ለወጥኩ፤ ያለ እርሱ ላሜራ ከላሜራ ጋር እየተፋተገ ቀለሙን ይልጠዋል። ብሎኖቹን በሙሉ መጀመሪያ በእጄ ከያዝኳቸው በኋላ ነው በቁልፍ ያጠበቅኋቸው። ባለፈው ሳምንት የመጨረሻው፣ ያ ግማሹ ስቱኮ የነበረው የቀኝ ኋላ ፓራፋንጎ ገጠመ፤ ማግኔቱ አሁን በሁሉም ቦታ ይይዛል። ቀለሙ ገና ቲነሩን እያስተነፈሰ ስለሆነ ሰም አልቀባሁትም፤ ለሚቀጥሉት ሁለት ወራት በንጹሕ ውኃና በለስላሳ ጨርቅ ብቻ አጥባታለሁ።