አገጬ ላይ ሌዘር ከመደረጌ በፊት ማንም ያልነገረኝ

ካዛንቺስ፣ ፒያሳ ወይም ቦሌ «ሌዘር» የሚል ማስታወቂያ አይታችሁ የፊታችሁን ፀጉር በጨረር ለማስነሳት ላሰባችሁ ነው የምጽፈው። እኔን ያስጠነቀቀኝ አልነበረም።

ቀጠሮ መያዙና መክፈሉ ቀላል ነው። በምላጭ ተላጭታችሁ ትሄዳላችሁ። በክር ወይም በሰም መንቀል አይሆንም፤ ጨረሩ የሚሠራው የፀጉሩ ሥር ካለ ብቻ ነው።

ነገሩ የተበላሸው አልጋው ላይ ነው። «ማሽኑ ለጥቁር ቆዳ ይሆናል?» ብዬ የምትሠራልኝን ልጅ ጠየቅኩ። «የኔ ቆንጆ፣ ለሁሉም ይሆናል» አለችኝና ጀመረች። ትንሽ ቦታ ላይ ሞክሮ፣ ቀናት ጠብቆ ማየት የሚባል ነገር የለም። ሲያቃጥለኝ «አቁሚ» አልኳት። «ትንሽ ቻይው፣ ካላመመ አይሠራም» አለች። ማታ የማሽኑን ጫፍ ቅርጽ የያዙ ቀያይ አራት ማዕዘኖች አገጬ ላይ ወጡ። ጠዋት ውሃ ቋጥረዋል። ስደውል «ኖርማል ነው» ተባልኩ።

ኖርማል አይደለም! ለጥቂት ሰዓታት መቅላትና የፀጉሩ ሥር ማበጥ ይጠበቃል። ውሃ መቋጠር ግን ቃጠሎ ነው። ጨረሩ የሚፈልገው ሜላኒንን፣ ማለትም ለፀጉርና ለቆዳ ጥቁረት የሚሰጠውን ቀለም ነው፤ እሱ ደግሞ እኛ ቆዳ ላይ ሞልቷል። የሌዘር ዓይነቶች በጨረራቸው የሞገድ ርዝመት ይለያያሉ፤ 755 ናኖሜትር የሆነው አሌክሳንድራይት ለእኛ አደገኛ ነው። 1064 ናኖሜትር የሆነው ኤንዲ ያግ ጠለቅ ብሎ ስለሚገባ የላይኛውን ቆዳ ብዙ አይጎዳም። የማሽኑን ዓይነት የማይነግራችሁ ቤት ከሆነ ቦርሳችሁን አንሱና ውጡ። እያመመም አትቻሉ፤ «አቁሚ» ስትሉ ካላቆመች ተነሱ።

ቁስሉ ቶሎ ደረቀ። የተወው ጥቁረት ግን እስኪጠፋ ወራት ፈጀ። ጎረቤቱ ሁሉ ማቅያ ክሬም ይመክራል፤ አትንኩት፣ ብዙዎቹ ስቴሮይድ የሚባል፣ ቆዳን የሚያሳሳ መድኃኒት አለባቸው። የቆዳ ሐኪሟ ቫዝሊን፣ ከዚያ በየቀኑ ሰንስክሪን ነው ያዘዘችልኝ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የክረምት ደመና ፀሐዩን አያስቀረውም።

የጥቅል ክፍያም አስቀድማችሁ አትክፈሉ፣ ቅናሹ ምንም ያህል ቢሆን።

ሐኪሟ መጀመሪያ የጠየቀችኝ የወር አበባዬ ይዛባ እንደሆነ ነው። አገጭ ላይ ወፍራም ፀጉር ከሆርሞን ሊመጣ ይችላል፤ ያ ካልታከመ አዲስ ፀጉር መብቀሉ አይቀርም። ሌዘር ቤቱ ያስሞላኝ ቅጽ ላይ ግን የነበረው ስምና ስልክ ቁጥር ብቻ ነው።