የጽዋውን ድግስ ቀንሶ የጎረቤትን ሕክምና መክፈል

ባሕር ዳር ውስጥ ወር በገባ ቁጥር ጽዋ የሚጠጣበት ቤት ብዙ ነው። በዚያው ግቢ በር ግን ከዘጌ በኩል እንጨት ተሸክማ የመጣች እናት ታልፋለች፤ ልጇ ቢታመም የካርድ እንኳ የላትም። እምነታችን እሷን ካላየ ማንን ሊያይ ነው?

ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. አማራን ጨምሮ በአራት ክልሎች በሙከራ የተጀመረ፣ መደበኛ ደመወዝ ለሌላቸው ቤተሰቦች የታሰበ ነው፤ ቤተሰቡ በዓመት መዋጮ ይከፍልና ሲታመም በመድኑ ይታከማል። 12 የጽዋ ማኅበር አባላት እያንዳንዳቸው ከድግሱ በየወሩ 100 ብር ቢያስቀሩ በዓመት 14,400 ብር ይሆናል፤ በዚህ የእንዲህ ዓይነት ጎረቤቶችን መዋጮ መክፈል ይቻላል። ዳቦውና ጠላው ይቅር አይደለም፤ ወጡ ከሁለት ዓይነት ወደ አንድ ይውረድ ነው የምለው።

መጀመሪያ መንግሥት የሚከፍልላቸውን ድሆች ዝርዝር ከቀበሌ ጠይቁ። እናንተ ከዝርዝሩ ለጥቂት የቀሩትን ያዙ፤ ሃይማኖታቸውን አትጠይቁ፣ ስማቸውንም በማኅበሩ ፊት አትጥሩ። አንድ አባል አብሮ ሄዶ ይክፈል፤ ደረሰኙም የመድን ደብተሩም በእናትየው እጅ ይቅር።

ነገሩ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በሁለተኛው ዓመት ነው። መድኑ በየዓመቱ ይታደሳል፤ የእድሳት ወቅቱ ካለፈ ደብተሩ ባዶ ወረቀት ነው። ስለዚህ የእድሳቱን ገንዘብ ቀድማችሁ ለዩ። ከ18 ዓመት በላይ የሆኑ ልጆች ተጨማሪ ክፍያ አላቸው፤ ተከራዮች ደግሞ የቀበሌ መታወቂያ በማጣት ይመለሳሉ፣ እዚህ ላይ ከገንዘባችሁ ይልቅ ምስክርነታችሁ ይጠቅማል። ሕክምናው ከጤና ጣቢያ ይጀምራል፤ ድንገተኛ ካልሆነ በቀር ያለ ሪፈር ወረቀት በቀጥታ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል መሄድ ከኪስ ሊያስከፍል እንደሚችል አስቀድማችሁ ንገሯቸው።