8 ሰዓት ሲል

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ደብሮኝ ነበር። ዝናቡም አላባራ አለ። እማ ቡና ግዛ ብላ ልካኝ ከፒያሳ ወደ ቅዳሜ ገበያ ስወርድ አንድ ልጅ በጎኔ አለፈ። የያዘው ፌስታል አፉ ላይ ቋጠር ተደርጓል፣ አንድ እርጥብ ቅጠል ብቅ ብሏል። ያየሁት ይሄንኑ ብቻ ነው። አፌ ምራቅ ሞላ፣ ልቤ ድው ድው አለ። ስልኬን ሳይ ለ8 ሰዓት 5 ደቂቃ ይላል። የበርጫ ሰዓት።

ጫት ካቆምኩ 2 ዓመት ከ4 ወር ሆኖኛል። ሀራራው ለቆኛል ብዬ ነበር።

ቮልፍራም ሹልትዝ የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በጦጣዎች ላይ የሠራውን ካነበብኩ ወዲህ ነገሩ ትንሽ ይገባኛል። መጀመሪያ ጦጣዋ ጭማቂ ጠብ ሲልላት ዶፓሚን የሚባለውን ኬሚካል የሚያመነጩት የአንጎል ሴሎች ይነቃሉ። ከጭማቂው በፊት መብራት እየበራ ደጋግማ ካየች በኋላ ግን ሴሎቹ ለጭማቂው ዝም ብለው ለመብራቱ መንቃት ይጀምራሉ። መብራቱ በርቶ ጭማቂው ከቀረ ደግሞ፣ መምጣት በነበረበት ቅጽበት ጭራሽ ከወትሮው በታች ይወርዳሉ። የኔ መብራት ያቺ ፌስታል ናት። ጫት ደግሞ ውስጡ ያለው ካቲኖን የሚባል አነቃቂ ንጥረ ነገር ራሱ ዶፓሚኑን ያስለቅቃል፣ ስለዚህ አንጎል ትምህርቱን አጥብቆ ነው የሚይዘው።

ግን እኮ ይሄው አንጎል ደግ ነገርም ተምሯል። የከተራ ዕለት ከበሮው ገና ከሩቅ ሲሰማኝ እግሬ በራሱ ይፈጥናል፣ ታቦቶቹ ወደ ፋሲል መዋኛ ሳይደርሱ ልቤ ቀድሞ ይደርሳል። ያንን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስጠናኝም። ከልጅነቴ ጀምሮ በየዓመቱ እዚያ መገኘቴ ነው ያስተማረኝ።

በርጫ ላይ አብሮኝ ይቀመጥ የነበረ አንድ ጓደኛ አለኝ። ሰነፍ ነው፣ ወኔ የለውም ይሉታል። እኔ በዚህ አልስማማም። የታክሲ ሲያጣ ለ8 ሰዓት ከአዘዞ በእግሩ የሚመጣ ሰው ወኔ የለውም አይባልም። ያለው ወኔ በሙሉ አንድ ቦታ ሄዶበት ነው። ለሥራ፣ ለእናቱ፣ ለጠዋት የሚተርፈው አጣ። ሰው ይሄንን ስንፍና ሲለው ያመኛል፣ ምክንያቱም እኔንም እንዲሁ ይሉኝ ነበር።

ልደውልለት ስልኬን አንስቼ ስሙን አወጣሁት። ከዚያ እጄ ቆመ። የሱ ድምፅስ ለኔ መብራት ቢሆንስ?