ኮፒው አለቀ ማለት ፋይሉ ደረሰ ማለት አይደለም

በቅርቡ የአያቴን ድምፅ አጣሁት። ግማሹ በኋላ ተገኘ፤ ግማሹ ግን እስካሁን የለም። ይህን የምጽፈው እኔ የሠራሁትን ስህተት ብዙ ሰው በየቀኑ ስለሚሠራው ነው። ነገሩ እስኪደርስበት ድረስ ማንም ስህተት መሆኑን አያውቀውም።

ላፕቶፔ ሞልቶ ነበር። አያቴ በሕይወት ሳለች የልጅነቷን ነገር እንድታወራኝ እየጠየቅኩ የቀዳኋቸው 23 የድምፅ ፋይሎች ነበሩኝ፤ ከነሱ ጋር የቤተሰብ ፎቶዎችና ቪዲዮዎች፣ ሁሉም አንድ ትልቅ ፎልደር ውስጥ። ኤክስተርናል ሃርድ ዲስኩን ሰካሁና ፎልደሩን ከት አድርጌ ፔስት አልኩት። ሰዓት ስለረፈደብኝ ቦርሳዬን ይዤ ቆሜ ነበር የምጠብቀው። መስኮቱ ሲጠፋ አለቀ ብዬ ኬብሉን ወዲያው ነቀልኩ። ኢጀክት አላደረግኩም፤ ማለትም ከመንቀሌ በፊት ዲስኩን እንዲለቅ ኮምፒውተሩን አላዘዝኩትም።

ከሳምንት በኋላ ለእህቴ አንድ ፎቶ ልልክላት ከፈትኩ። የላይኛው ግማሽ ደህና ነው፣ ከመሃል በታች ግን ወጥ ግራጫ። የአያቴ ፊት አለ፣ እጆቿ የሉም። ደነገጥኩና ወደ ድምፆቹ ሄድኩ። ስማቸው አለ፣ የተቀዱበት ቀን አለ፣ መጠናቸውም ልክ ነው፤ አንዳቸውም ግን አይከፈቱም። አንዱን ባይቶቹን እንዳሉ በሚያሳይ ፕሮግራም ከፈትኩት፦ ከላይ እስከ ታች ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። 31 ሜጋባይት የሚል ፋይል፣ 31 ሜጋባይት ባዶ። እሷ የሠርጓን ቀን የነገረችኝ ነበር።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን ለማወቅ ብዙ ቀን ፈጀብኝ። ኮምፒውተር ፋይል ኮፒ እንዲያደርግ ስታዙት ሁሉንም በቀጥታ ዲስኩ ላይ አይጽፍም። ዲስክ ቀርፋፋ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ራም በሚባለው የኮምፒውተሩ ፈጣን ጊዜያዊ ማቆያ ላይ ያስቀምጠውና ከኋላ ቀስ እያለ ያወርደዋል። እናንተ የምታዩት መስኮት ሲጠፋ የመጨረሻው ክፍል ገና ራም ላይ ሊሆን ይችላል። ዲስኩም በውስጡ የራሱ ትንሽ ማቆያ አለው። ኢጀክት ማለት «በመንገድ ላይ ያለውን ሁሉ ጽፈህ ጨርስ» የሚል ትእዛዝ ነው። የኔ የድምፅ ፎልደር በተራ መጨረሻ ላይ ስለነበር ሙሉው በመንገድ ቀረ።

መጠኑ ልክ ሆኖ ውስጡ ባዶ የሆነው ደግሞ የፋይሉ ስም፣ መጠንና ቦታ ከይዘቱ ተለይቶ ስለሚመዘገብ ነው። መዝገቡ ቀድሞ ተጽፏል፣ ይዘቱ አልደረሰም። ብዙ ኤክስተርናል ዲስኮች የሚመጡበት ኤክስፋት የሚባለው ፎርማት፣ ማለትም ዲስኩ ፋይሎችን የሚያደራጅበት ዘዴ፣ ጆርናል የለውም፤ ማለትም ሥራው መሃል ላይ ሲቋረጥ የት እንደቆመ የሚያስታውስበት ማስታወሻ አይዝም። የዊንዶውሱ ኤንቲኤፍኤስ ፎርማት ጆርናል አለው፣ ግን እሱም የሚጠብቀው በዋናነት መዝገቡን እንጂ የፋይሉን ይዘት አይደለም።

«ዊንዶውስ ላይ ኢጀክት ድሮ ቀረ» የሚሉ ሰዎች አሉ። እውነት አለው፤ ከዊንዶውስ 10 የ1809 ስሪት ጀምሮ ኤክስተርናል ዲስኮች በፍጥነት እንዲነቀሉ የሚያስችለው ምርጫ ማንም ሳይነካው አስቀድሞ የበራ ሆኗል። ግን ምርጫው በየዲስኩ ሊቀየር ይችላል። ከጀርባ እየጻፈ ያለ ሌላ ፕሮግራምም ሊኖር ይችላል። ማክና ሊኑክስ ላይ ደግሞ ኢጀክት አሁንም ያስፈልጋል። ሁለት ሰከንድ የሚፈጅ ነገር ስለሆነ እባካችሁ አድርጉት።

ትልቁ ጥፋቴ ግን ከት ማድረጌ ነበር። ከአንድ ዲስክ ወደ ሌላ ዲስክ ከት ማድረግ ማለት ኮፒ አድርጎ ዋናውን ማጥፋት ነው። ኮምፒውተሩ ዋናውን የሚያጠፋው አዲሱ ቅጂ በደህና መቀመጡን ከፍቶ አይቶ አይደለም። በዚያ ላይ የላፕቶፔ ዲስክ ኤስኤስዲ የሚባለው፣ የሚሽከረከር ነገር የሌለው ዓይነት ነው። በድሮው የሚሽከረከር ዲስክ ላይ የጠፋ ፋይል ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ በቦታው ስለሚቆይ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ኤስኤስዲ ግን ትሪም በሚባል ትእዛዝ የጠፋውን ፋይል ቦታ ራሱ ያጸዳል። ሳምንት ቆይቼ ፋይል የሚመልስ ፕሮግራም ባስኬድ ምንም አላገኘሁም።

ጥፋቱ ሁልጊዜ የሰው አይደለም። ትንንሾቹ ዲስኮች ኃይል የሚያገኙት ከዩኤስቢው ነው፤ የዩኤስቢ 2.0 ፖርት በመደበኛው 500 ሚሊአምፒር፣ 3.0 ደግሞ 900 ይሰጣል። ዲስኩን የራሱ ኃይል የሌለው ሃብ (አንዱን ፖርት ወደ ብዙ የሚከፍል ዕቃ) ላይ ከሦስት ሌሎች ዕቃዎች ጋር ስትሰኩት ኃይል ያጥረውና በየመሃሉ ጠፍቶ ይነሳል። ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ወይም ስትነኩት ከተቋረጠ ኮፒውን አቁሙና መጀመሪያ ኬብሉን ቀይሩ። ሌላው የተበላሸ ራም ነው። ፋይሉ በራም በኩል ስለሚያልፍ እዚያ የተቀየረች አንዲት ቢት (የመረጃ ትንሿ ቁራጭ፣ 0 ወይም 1) ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ከነስህተቷ ዲስኩ ላይ ትጻፋለች። ኮፒ ያደረጋችኋቸው ትልልቅ ዚፕ ፋይሎች በየጊዜው አልከፈት ካሉ ራሙን አስፈትሹ።

አሁን እንዲህ ነው የማደርገው። ኮፒ ብቻ፣ ከት የለም። ሲያልቅ ኢጀክት አደርጋለሁ፣ እነቅላለሁ፣ እንደገና እሰካለሁ፣ ከዚያ ነው የማረጋግጠው። ነቅሎ መሰካቱ ምክንያት አለው፤ ሳይነቀል ፋይሉን ብትከፍቱት ኮምፒውተሩ ገና ራም ላይ ያለውን ቅጂ ሊያሳያችሁ ይችላል። ዲስኩን ያያችሁ ይመስላችኋል እንጂ አላያችሁትም። እኔ ይህን ሳውቅ በጣም ነው የገረመኝ።

ማረጋገጥ ስል ሁለት ሦስት ፎቶ ከፍቶ ማየት አይደለም። ሻ256 የሚባል ስሌት አለ፤ ለአንድ ፋይል 64 ፊደልና ቁጥር ያለው መለያ ያወጣል። ከፋይሉ አንዲት ቢት ብትቀየር መለያው ሌላ ይሆናል። የዋናውንና የቅጂውን መለያ ታስተያያላችሁ፤ አንድ ከሆኑ ፋይሉ በደህና ደርሷል። ዊንዶውስ ላይ ሰርትዩቲል የሚባል ትእዛዝ ይህን ያወጣል፣ ማክና ሊኑክስም የየራሳቸው አላቸው። ትእዛዝ መጻፍ የማይወድ ሰው ቴራኮፒ የሚባለውን ፕሮግራም መጠቀም ይችላል፤ ኮፒ ካደረገ በኋላ እንዲያረጋግጥ የሚያዝ ምርጫ አለው። ሁሉም ልክ ሲሆን፣ ሌላ ቦታ ሁለተኛ ቅጂ ካስቀመጥኩ በኋላ፣ ያኔ ብቻ ላፕቶፑ ላይ ያለውን አጠፋለሁ።

ነገሩ አስቀድሞ ከደረሰባችሁ ደግሞ ዲስኩ ላይ ምንም አትጻፉ። «ፎርማት ይደረግ?» ብሎ ሲጠይቃችሁ እሺ አትበሉ። ቼክዲስክ የሚባለውን የዊንዶውስ ዲስክ ጠጋኝም አታስኪዱ፣ ቢያንስ መጀመሪያ ላይ አይሁን፤ መዝገቡን ለማስተካከል ሲል መመለስ የሚቻለውን ፋይል ሊቆርጥባችሁ ይችላል። መጀመሪያ የዲስኩን ሙሉ ቅጂ ዲዲሬስኪው በሚባል ፕሮግራም ሌላ ዲስክ ላይ አውጡ፣ ከዚያ ፎቶሬክን የመሰለውን የጠፋ ፋይል መፈለጊያ ቅጂው ላይ አስኪዱ። ኬብሉን ቀይራችሁም ዲስኩ የሚንኳኳ ድምፅ ካለው ግን ራሳችሁ አትሞክሩት፣ አጥፍታችሁ ወደ ባለሙያ ውሰዱት።

እኔ ዲስኩን አስመርምሬው ነበር። አንድም መጥፎ ሴክተር፣ ማለትም የተበላሸ ክፍል፣ የለውም፣ ጤነኛ ነው። ከ23ቱ ድምፆች 11ዱን ያገኘሁት ከአክስቴ ስልክ ነው፤ ድሮ ልኬላት ሳታጠፋቸው ቆይተዋል። የሠርጉ ከነሱ ውስጥ የለም። አክስቴ ግን መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጠችው፣ ስክሪኑ የተሰበረ ሌላ አሮጌ ስልክ እንዳላት ትናንት ነገረችኝ። ቅዳሜ እሄዳለሁ።