ሲዞሩ አይቆጠሩም፦ ከሆክ ማውንቴን አናት ላይ ጭልፊት አቆጣጠር

ከእንቁጣጣሽ እስከ መስቀል ባሉት ቀናት ፔንሲልቫኒያ ውስጥ ሆክ ማውንቴን አናት ላይ የተቀመጠ ሰው፣ ቀኑ ከቀናው፣ ጭልፊቶች በመቶዎች እየሆኑ በላዩ ሲያልፉ ያያል። አብዛኞቹ ብሮድዊንግ የሚባሉት ናቸው። በቁመት ከቁራ አይበልጡም፤ ወደ መካከለኛውና ደቡብ አሜሪካ የሚወርዱትም በመንጋ ነው። መስከረም 14 ቀን 1978 (በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ከዚህ በኋላም እንዲሁ) በአንድ ቀን ብቻ 21,448 ብሮድዊንግ ተቆጥሮ ተመዝግቧል። ይህን ያህል ወፍ ሁለት ጊዜ ሳይቆጥሩ እንዴት ይቆጠራል?

ብሮድዊንግ ክንፉን ማራገብ አይወድም። ፀሐይ ምድሩን ስታሞቀው ሽቅብ የሚወጣውን ሞቃት አየር ፈልጎ ይገባበትና፣ እየዞረ እየዞረ ነጥብ እስኪያክል ከፍ ይላል። ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የሚዞረውን ክምር ለመቁጠር ይሞክራል። አይቻልም። ወፎቹ ይደራረባሉ፣ ከታች አዳዲስ ይጨመራሉ፣ አንዱ ሦስት ጊዜ ይቆጠራል። መጠበቅ ነው። ጫፍ ሲደርሱ ክንፋቸውን ሰብሰብ አድርገው እንደ ዶቃ ተሰልፈው ወደ ደቡብ ምዕራብ ይንሸራተታሉ፤ የሚቆጠሩት ያን ጊዜ ነው። ዓይን በአንድ ቦታ ይተከላል፤ ለምሳሌ ከደረቀ ዛፍ ጫፍ ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ በሚወጣ የሐሳብ መስመር ላይ። መስመሩን የተሻገረ አንድ ይባላል። ደመናን ምልክት ማድረግ አይሠራም፤ ደመናው ራሱ ይሄዳል። ሰልፉ ከወፈረ አምስት አምስት፣ ከዚያም ከባሰ አሥር አሥር እያሉ በእጅ በሚጫን መቁጠሪያ መያዝ ነው። ግን አሥር ወፍ ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝ ዓይን አስቀድሞ ይልመድ፤ ወፍ በሚያንስበት ሰዓት መለማመድ ይሻላል።

ሁለት ሰው አንዱን መንጋ ለየብቻ ቆጥሮ መደመርም የተለመደ ስሕተት ነው። አንዱ ይቁጠር፣ ሌላው በአቅራቢ መነጽር ከኋላ የሚመጣውን ይፈልግ። ኖርዝ ሉክአውት ከተባለው አለት ላይ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሲታይ በተራራው ሰንሰለት ላይ ያሉት ጉብታዎች ከአንድ እስከ አምስት ቁጥር አላቸው። «ሦስት ላይ፣ ከፍ ብሎ» ከተባለ ሁሉም ያገኘዋል፤ «እዚያ ጋ!» ግን ማንንም አይረዳም።

መነጽሩ 8 ወይም 10 ጊዜ የሚያቀርብ፣ የፊት መስተዋቱ 42 ሚሊ ሜትር የሆነ ይበቃል። ከዚያ በላይ የሚያጎላው በእጅ ሲያዝ ይንቀጠቀጣል። ሰማዩ ጥርት ያለ ሰማያዊ ከሆነ ቆንጆ ቀን ነው ብላችሁ አትደሰቱ፤ ከፍ ብሎ የሚያልፈው ወፍ ሰማያዊው ውስጥ ይጠፋል። ነጭ ደመና ያለበት ቀን ይመረጣል፤ የደመናውን ጠርዝ በመነጽር ቀስ እያሉ መጥረግ ነው።

ነፋሱን ከቤት ሳይወጡ ማየት ያስፈልጋል። ዝናብ ይዞ የመጣው ቀዝቃዛ አየር ካለፈ በኋላ ባሉት አንድ ሁለት ቀናት፣ ነፋሱ ከሰሜን ምዕራብ ሲሆን፣ ተራራውን ገጭቶ ወደ ላይ ይነሳል፤ ወፎቹም ተደግፈውት በሰንሰለቱ ይሄዳሉ። በጣም ከበረታ ግን ሞቃቱን አየር ስለሚበታትነው ለብሮድዊንግ አይመችም። በጥቅምት ለሚመጡት ሻርፕሺንድ ለሚባሉት ትናንሽ ጭልፊቶችና ከእነሱ ለሚከተሉት ቀይ ጅራት ጭልፊቶች ነው የሚመቸው።

ከሩቅ ቀለም አያስተማምንም፤ የሚለየው አበራረር ነው። ሻርፕሺንድ ጥቂት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ያራግብና ይንሸራተታል። ጥንብ አንሳው ክንፉን ወደ ላይ ቀስሮ ግራ ቀኝ ይወዛወዛል። ነጭ ራሱ ንስር ክንፉን እንደ ሳንቃ ዘርግቶ ነው የሚሄደው። ካልለያችሁት «ያልታወቀ» የሚል ዓምድ አለ፤ እዚያ መጻፍ አያሳፍርም። ገምቶ ስም መስጠት ነው መዝገቡን የሚያበላሸው።

ዕድሜውም ይጻፋል። የዱር እንስሳት ተሟጋቿ ሮዛሊ ኤጅ በ1934 ተራራውን ይዛ አዳኞች ጭልፊቶቹን መተኮሳቸውን ካስቆመች ወዲህ ቆጣሪዎቹ ጠቆር ያለውን ወጣት ንስር ከነጭ ራሱ አዋቂ ለይተው ሲጽፉ ኖረዋል። ከ1935 እስከ 1939 ከታዩት ንስሮች 40 በመቶው ወጣቶች ነበሩ፤ ከ1955 እስከ 1959 ግን 20 በመቶ ብቻ። ደራሲዋ ራቸል ካርሰን በ1962 ዲዲቲ የተባለው ፀረ ተባይ መርዝ ስለሚያደርሰው ጉዳት ስትጽፍ ይህን ቁጥር ጠቅሳለች። ድምሩ ብቻ ተጽፎ ቢሆን ጫጩት እየጠፋ መሆኑ ከዚህ መዝገብ አይታወቅም ነበር።

ሰዓት ሲጻፍ መጠንቀቅ ነው። አሜሪካ በዚህ ወቅት ሰዓቷን አንድ ሰዓት ወደ ፊት ታደርጋለች፤ የቆጠራው ቅጽ የሚሞላው ግን ባልተገፋው፣ በስታንዳርድ ሰዓት ስለሆነ፣ ስልኩ 10 ሲል ቅጹ ላይ 9 ነው። በእኛ አቆጣጠር ለሚያስብ ደግሞ የስልኩ 10 ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው፤ ሦስቱን እያምታቱ መጻፍ በጣም ቀላል ነው። ሰዓቱ እስከ ኅዳር መጀመሪያ እንዲህ ይቆይና የእጅ ሰዓቶች ወደ ኋላ ሲመለሱ ይገጣጠማሉ።

ወደ አናቱ የሚወስደው መንገድ አንድ ማይል ገደማ ሲሆን ድንጋያማ ነው። መቀመጫውም አለት ስለሆነ ትራስ ያዙ። ቆጠራው ከነሐሴ 15 እስከ ታኅሣሥ 15 ይቀጥላል። ወርቃማውን ንስር ለማየት ግን በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር መጀመሪያ ነው መውጣት፤ ያን ጊዜ ብርዱ ጓንትና ወፍራም ካልሲ ይጠይቃል። አንድ ሰዓት ሙሉ ምንም ሳያልፍ ሊቀር ይችላል። ሰዓቱን ባዶ አትተዉት፤ ባዶ ከሆነ ማንም አልተቀመጠም ማለት ነው። ዜሮ ጻፉ፣ ነፋሱን ጻፉ፣ ስንት ሰው ሰማዩን ሲጠብቅ እንደነበረም ጻፉ።