ራት ያለው ኅትመት

እኔ ታፔላ ሠሪ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ መሳቂያ ስሆን ከኔው አፍ ይሰማ ብዬ ነው።

ሱቄ ገርጂ ኮንዶሚኒየም ሥር ነው፤ ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ይላል። ባነር፣ ስቲከር፣ ማኅተም፣ ከውስጥ የሚበራ ላይት ቦክስ እሠራለሁ። ትልቁ ማሽን የኔ አይደለም። ዲዛይኑን ኮምፒውተር ላይ በኮርል ሠርቼ ማሽን ላለው ሰው እልካለሁ፤ እሱ ያትማል፤ እኔ በያጅና ሰቃይ ይዤ እሰቅላለሁ። እንደኔ ያለ ትንሽ ሱቅ አብዛኛው እንዲሁ ነው የሚሠራው። ደንበኛ ሲጠይቅ ግን ሁላችንም "የራሳችን ማሽን አለን" እንላለን።

የራሴን ታፔላ የሠራሁት ሱቁን የተከራየሁ ሰሞን ነው። ላሜራ ላይ ቀይ ስቲከር፣ በትላልቅ ነጭ ፊደል "ጥራት ያለው ኅትመት"። የሱቁን ስም ከሥር በትንሹ ጻፍኩት። ደንበኛ የሚፈልገው ጥራት ነው፣ ስም ምን ያደርግለታል ብዬ ነበር።

ከግራዬ ምግብ ቤት አለ። ባለቤቷን እትዬ ነው የምላቸው። ቁርስ ፍርፍርና እንቁላል፣ ምሳ ሽሮና ፓስታ። ከምሽቱ 12 ሰዓት ሲሆን ወንበሩን ጠረጴዛ ላይ ገልብጠው ይዘጋሉ። በ2017 ዋና መንገድ ዳር ያሉ ንግድ ቤቶች እስከ ምሽቱ 3:30 ክፍት ይሁኑ የሚለው ደንብ ሲወጣ "እኔ የውስጥ መንገድ ነኝ፤ ወገቤ ደግሞ ደንብ አያውቅም" ብለው ነበር።

እኚህ ሴትዮ አንድ ቀን መጡና "አንተ ልጅ፣ ያንን አሮጌ ባነር አውርድና ማታ ማታ የሚበራውን ሥራልኝ" አሉኝ።

"ስንት በስንት ይሁን?"

"አራት በአንድ።"

"እሺ" አልኩ።

ነገሩ ሁሉ የተበላሸው እዚች እሺ ላይ ነው። የበራቸውን ስፋት አሳምሬ አውቃለሁ። አሮጌውን ባነር የሠራሁት እኔው ነኝ፤ 3 ሜትር ከ20። ሌሊት ከእንቅልፌ ቀስቅሰው ቢጠይቁኝ አልስትም፤ ባነር የሚታተምበት የትልቁ ፍሌክስ ጥቅል ወርድም 3 ከ20 ስለሆነ ቁጥሩ ከአእምሮዬ አይወጣም። ግን ላይት ቦክስ የምንሸጠው በካሬ ነው። "አራት በአንድ" ሲሉኝ የታየኝ አራት ካሬ ነው። የቀረችው 80 ሳንቲም የት ትገባለች የሚለው አልታየኝም። በዚያ ላይ ያን ሰሞን ሥራ ደርቶ ነበር። ኮሪደር ልማቱ በ2016 ከተጀመረ ወዲህ ዋናው መንገድ ላይ ያለው ሁሉ አሮጌ ታፔላውን እያወረደ አዲስ ያሠራል፤ ስልኬ አያርፍም። ሰቃዮቹን እሑድ ላክኋቸውና እኔ መገናኛ ሌላ ሥራ ላይ ዋልኩ።

ሰኞ ጠዋት መጣሁ። ከሩቅ ሳየው አምሯል። ቱቦላሬው ቀጥ ብሏል፣ ፍሌክሱ ተወጥሯል። በልቤ "እጄ ይባረክ" እያልኩ ቀረብኩ።

ከሳቸው በር ግራ የፎቁ ደረጃ ነው። በዚያ በኩል አንድ ሳንቲም ማለፍ አይቻልም። ሰቃዮቹ 80 ሳንቲሟን ወደ ቀኝ ገፏት። ወደ ቀኝ ማለት ወደኔ ነው። ሳጥኑን ከግድግዳው ራቅ አድርገው በብረት አስረውታል፤ ጫፉ የኔን ታፔላ ከላይ ተጭኖታል።

ሜትር አውጥቼ ለካሁ። ለምን እንደለካሁ አላውቅም፤ ሰው ሲደነግጥ የሚያውቀውን ነው የሚሠራው። የታፔላዬ ጠርዝ 25 ሳንቲም ባዶ ነው። "ጥ" 50 ሳንቲም ወርድ አላት። ከሷ በኋላ 5 ሳንቲም ክፍተት። ድምሩ 80። በኮርል አስልቼ ብቆርጠው እንዲህ ልክ አይመጣልኝም። "ጥ" ሙሉ በሙሉ ጠፍታለች፤ "ራ" ግን ጫፏ እንኳ አልተነካም።

የሳቸው ላይት ቦክስ መጨረሻ ላይ "ቁርስ፣ ምሳ" ይላል። ጽሑፉን ያቀናበርኩት እኔ ነኝ። ወዲያው የኔው ይቀጥላል። ቁርስ፣ ምሳ፣ ራት ያለው ኅትመት።

ማዶ ያለችው ባለ ፋርማሲ ነጭ ጋወኗን እንደለበሰች በሯ ላይ ቆማ ታየኛለች። ፎቶ እንዳነሳችው የሰማሁት በኋላ ነው። የሷ ታፔላ "መድኃኒት" የሚለውን በሃሌታው ሀ እንደጻፈ እኔም አይቻለሁ፤ ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

እትዬ ጋ ገባሁ። ሽሮ እያማሰሉ ነው።

"እትዬ፣ ታፔላው እኮ የኔን ሸፈነው።"

"አየሁት። መጀመሪያ ቡና ጠጣ።"

"ቡናው ይቆየኝ። አራት ሜትር በዛ። በሩ 3 ከ20 ነው።"

ማማሰያውን ድስቱ አፍ ላይ አስቀመጡትና ዞሩ። "ማነው የሠራው?"

"እኔ ነኝ። ግን አራት ያሉኝ እርስዎ ነዎት።"

"እኔማ ልል እችላለሁ። አሥርም ልል እችላለሁ። እኔ ሜትር አውቃለሁ እንዴ? እኔ የማውቀው ሽሮ ነው። ሽሮዬ ሲቀጥን ደንበኛው ነው ውኃ ያበዛው?"

መልስ አልነበረኝም። እስካሁንም የለኝም። ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ሁለት ሦስት ጥሩ ጥሩ መልስ አግኝቼ ነበር፤ አንዱ ስለ በርበሬ ነበር። ጠዋት ስነሳ ግን ሁሉም ቀጠኑብኝ።

ቡናውን ጠጣሁ።

ማሳጠሩ እንደገና ብየዳ፣ እንደገና ፍሌክስ ነው። ማን ይከፍላል? እሳቸው የታዘዘውን ከፍለው ጨርሰዋል። ከዚያች 80 ሳንቲም ያተረፍኩትን አስልቼዋለሁ፤ ከሳቸው ቤት ሁለት ምሳ ብበላ ያልቃል። እንግዲህ በሕግ ይሁን ብዬ ወረዳ ሄድኩ። አሁን ሳስበው አፍራለሁ፤ የተከሰሱት ሴትዮ፣ ከሳሹ የሠራው ሰው። የደንብ ልጅ መጣ፤ ትሑት ነው፣ ጫማውም ንጹሕ ነው። የሳቸውን ወረቀት ጠየቀ፤ የዘንድሮው የታፔላ ፈቃድ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ከገንዘብ መያዣው ሥር ወጣ። ከዚያ ወደኔ ዞረ።

"የእርስዎስ?"

የኔ ከታደሰ ሁለት ዓመት አልፎታል። የሰው ፈቃድ ሳስጨርስ የራሴን ረስቼዋለሁ፤ ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች የሚሉት ይኸው ነው። ማስጠንቀቂያው የተጻፈው ለኔ ነው። የሳቸውን መደራረብ በተመለከተ "ጎረቤት ናችሁ፣ ተስማሙ" ብሎ ሄደ። ሲወጣ እትዬ ሻይ ጋበዙት።

ሳምንት ሳይሞላ ሰው መምጣት ጀመረ። አንድ ማታ ወደ አንድ ሰዓት ላይ ሁለት ተማሪዎች ገቡ።

"ራት ምን አላችሁ?"

አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ከኮምፒውተሩ ቀና ሳይል "ኤ ፎርና ኤ ስሪ" አላቸው። እኔ አልሳቅሁም። እነሱም አልሳቁም፤ የምር ርቧቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ልጁ በየማታው ይቆጥር ጀመር። አንድ ዓርብ አምስት ደረሱ።

ዕቃ የሚያመጡልኝ ባለ ሞተሮችም "ራት ያለው ጋ ደርሻለሁ፣ ውጣ" እያሉ ይደውላሉ። የሱቁን ስም ማንም አያውቀውም፤ በትንሹ ነው የጻፍኩት።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ለራሴ ቃል ገባሁ፦ ቦታውን በዓይኔ ሳላይ፣ በሜትሬ ሳልለካ ትእዛዝ አልቀበልም። ለልጁም ግድግዳ ላይ በስቲከር አሳትሜ ለጠፍኩለት፤ "ሳትለካ እሺ አትበል" ይላል። ያለፈው ማክሰኞ አንድ ሰው በስልክ አምስት በአንድ ሜትር ባነር አዘዘኝ። ቦታው ቃሊቲ ነው። ቸኩሎ ነበር፤ አምስት ካሬ ደግሞ አምስት ካሬ ነው። እሺ አልኩት።

ታፔላዬን ለምን ወደ ቀኝ አላዛውረውም? ሰው ሁሉ ይጠይቀኛል። ዓርባ ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። ግን ካዛወርኩት ጥፋቱ የኔ ነው ማለት ይመስላል። ጥፋቱ የኔ መሆኑ ሌላ ጉዳይ ነው።

ባለፈው ወር እትዬ አንዲት ወጣት ምግብ አብሳይ ቀጠሩና የማታውንም ጀመሩ። ጠያቂው በዛባቸዋ፤ ከኔ የሚመለሰው ሁሉ በሳቸው በር ነው የሚያልፈው። ጥብስና ተጋቢኖ እስከ ሦስት ሰዓት። በጀመሩ በሦስተኛው ቀን ሱቄ መጡ።

"አንተ ልጅ፣ ላይት ቦክሱ ላይ ከምሳ ቀጥሎ ራት የምትል ጨምርልኝ። ስንት ትለኛለህ?"

አብረን ወጣንና ቀና ብለን አየን። መብራቱ በርቷል። በጣታቸው እየጠቆሙ ጮክ ብለው አነበቡ፤ "ቁርስ... ምሳ... ራት ያለው..."

ትንሽ ዝም አሉ።

"ውይ፣ አለልኝ እኮ" አሉና ወደ ቤታቸው አመሩ። በሩ ላይ ደርሰው ዞር አሉ።

"ኅትመት የምትለዋን ብቻ ብታነሳልኝ።"